ያተርፋል ያልኩት ማሽን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በእሳቸው ፊት ጾም መሻሬን፣ መቆጣቴን፣ ወንድሜን ተቀይሜ መቆየቴን ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን አፌ ወደ ሌላ ይሄዳል። ታዲያ አሁን ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎት አንባቢ፣ ለምን እናገራለሁ? ፊትዎን ስለማላየው ይመስለኛል። ይህን ድፍረት ብለው እንዳይቆጥሩልኝ።

ያደረግሁት በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ሌባ ስትባል፣ ሌባ አለመሆኗን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ኖሮ ምናልባት ይሻል ነበር። እኔ ግን ተናገርኩም።

ታደሰ እባላለሁ። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት መካከል ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ጠዋት ሰዎች መኪናቸውን አስገብተው ይወጣሉ፤ ወደ ማታ ተመልሰው ይወስዳሉ። በመካከል ያለው ጊዜ ሁሉ የእኔ ነው። በዚያች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አነባለሁ። አንድ ቀን ስለ ቁማር ማሽኖች የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ገባ።

ቁማርተኛ አልነበርኩም። ይህን የምለው ራሴን ለማሳመር አይደለም። ቁማርተኛ ብሆን ኖሮ ጥፋቴ ያንስ ነበር፤ ቁማርተኛ ሰው ይዞ ሲወድቅ እሱም አብሮ ይወድቃል። እኔ አልወደቅሁም።

መጽሐፉ እንደሚለው አብዛኞቹ ማሽኖች የበሉትን ያህል አይመልሱም፤ የተሠሩትም ለዚያ ነው። ፖከር የሚያጫውተው ማሽን ግን የሚያድለው ካርታ ስለሆነ ነገሩ ይሰላል። አምስት ካርታ ይሰጥሃል፤ የሚጠቅምህን አስቀርተህ የቀረውን ትቀይራለህ። የትኛው አሰላለፍ ስንት እንደሚከፍል ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ላይ ተጽፏል። በአንድ ረድፍ የተያያዙ ማሽኖች ደግሞ አንድ የጋራ ትልቅ ሽልማት አላቸው። ሰው በተጫወተ ቁጥር ሽልማቱ ያድጋል፤ አንዱ ዕድለኛ ሲወስደው እንደገና ከታች ይጀምራል። ሽልማቱ ከአንድ ልክ ካለፈ፣ በሒሳብ ደረጃ ማሽኑ ከሚበላው የሚመልሰው ይበልጣል። ያተርፋል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ትኬት ከመቀበል ሌላ የሚሠራ ጭንቅላት እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ የማሽኑን ጨዋታ አስመስዬ ሠራሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሳጫውተው ሰነበትኩ። አንድ ቀን ባስ ይዤ የቁማር ቤቶች ወደሞሉባት አትላንቲክ ሲቲ ሄድኩና ሳልጫወት ከማሽን ማሽን እየዞርኩ መስታወቱን ብቻ አንብቤ ተመለስኩ። በመጨረሻ አንድ ረድፍ መረጥኩ። እዚያው ካዚኖ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሠራ አንድ የአገር ልጅ ተዋውቄ ነበርና ሰኞ ሰኞ ኮል እያደረግሁ ሽልማቱ የት እንደደረሰ እጠይቀዋለሁ። ልኩን ካላለፈ ከቤቴ አልወጣም። ካለፈ ማክሰኞ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነበረኝ። ለራሴ ስጠነቀቅ እንዴት ያለሁ ሰው ነበርኩ!

ሒሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ባሰላው ትክክል ነው። ግን የሚናገረው ስለ ረጅም ጊዜ ነው። ትርፉ ያለው በዚያ በአንዱ ትልቅ ሽልማት ውስጥ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ቀስ እያለ፣ ሳያስከፋ፣ አልፎ አልፎ እያሳቀ ይበላሃል። ለብዙ ሰው ደግሞ ሽልማቱ ጨርሶ አይመጣም። ይህን አውቅ ነበር።

ችግሬ ሌላ ነበር። በረድፉ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ሽልማቱን ከወሰደው የእኔ ድካም ባዶ ነው። ሁለት ወንበር ብይዝ ግን ዕድሌ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያልኩትን የሚሠራ፣ ሽልማቱ ቢወጣለት የሚያካፍለኝ፣ የማይጨቃጨቅ፣ ማክሰኞ ሥራ የሌለው ሰው ፈለግሁ። ሰው ፈለግሁ ነው የምለው፤ እውነቱን ለመናገር የፈለግሁት ወንበር የሚይዝልኝ ነበር።

እትዬ አስካለ የጓደኛዬ የግርማ እናት ናቸው። ግርማና ሚስቱ ሶስና አሌክሳንድሪያ ይኖሩ ነበር። እትዬን ከአገር ቤት ያስመጧቸው ልጆቹን እንዲያሳድጉ ነው። ልጆቹ ግን አድገው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ለአያታቸው በእንግሊዝኛ እየመለሱላቸው እትዬ ግማሹን ብቻ ይሰማሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። አጠገባቸው የምትደርስላቸው ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት የተከራየችው ሰናይት ነበረች። ኮሌጅ የምትማር፣ በትርፍ ሰዓቷ የሰው ልጅ የምትጠብቅ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። ራሳቸውን ታጥባቸዋለች፤ ሐኪም ቤት ወስዳ ታስተረጉምላቸዋለች። እንደ ልጃቸው ነበረች። ይህንንም አውቅ ነበር።

ለግርማ ደወልኩለትና «እናትህ ቤት ውስጥ ታፍነው ሊሞቱ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ባሕር ዳር ወስጄ ላናፍሳቸው» አልኩት። ግርማ በጣም ደስ አለው። «አንተ እኮ ወንድሜ ነህ» አለኝ። እውነትም ካዚኖው ባሕር ዳር ነው። ውሸቴን ስመርጥ እንኳ ግማሽ እውነት ያለበትን መረጥኩ።

ካርታ ያስተማርኳቸው እዚያው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቶሎ ገባቸው። ንጉሡን «ጢማሙ»፣ ንግሥቲቱን «እመቤት»፣ ወጣቱን «ጎረምሳው» ብለው ስም አወጡላቸው። ልክ ያልሆነ ካርታ ስይዝ እጄን መታ ያደርጉኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ቆም ብለው «ታደሰ፣ ይሄ ቁማር አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ቁማር የሚባለው ሳያውቁ ሲጫወቱት ነው፤ ይሄ ተሰልቷል፤ ያተርፋል» አልኳቸው።

«አንተ ካልክማ። አስተማሪ አይደለህ!»

ይኸው ነው። ስለ ረጅሙ ጊዜ፣ ስለ ቀስ እያለ መብላቱ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ምን ይከለክለኝ ነበር? አይገባቸውም ብዬ ነው? ጎረምሳውንና እመቤቲቱን በአንድ ጠዋት የለዩ ሴት ይህ ይከብዳቸዋል? አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው አይመጡም ነበር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ በጠዋት ባስ ሄድን። ባሱ በብዛት አዛውንት ነው የሚጭነው። ስንደርስ ካዚኖው ለያንዳንዳችን ኳርተር የሚሉትን ሳንቲም በፕላስቲክ ኩባያ ሞልቶ፣ የምሳ ኩፖን ጨምሮ ሰጠን። እትዬ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እንዲሁ በነጻ?» ብለው ደነገጡ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳንቲሙን ለመብራት ክፍያ እንደተቆጠረ ገንዘብ በጥንቃቄ እየከተቱ ይጫወቱ ጀመር። እኔ የምጫወተው በአንድ ዓይኔ እሳቸውን እየጠበቅሁ ነው፤ እንዳይሳሳቱ።

ከምሳ በፊት አራት እመቤት መጣላቸው። ትልቁ ሽልማት አይደለም፤ ደህና ገንዘብ ግን ነው። ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ሳንቲሙ እየተንኳኳ ወረደ። እትዬ በመጀመሪያ የሰበሩ መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኋላ ሲገባቸው ሳቁ። አገር ቤት ቤታቸው ስመላለስም ሆነ እዚህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ጣቶቻቸው በሳንቲም ጠቁረው ነበር።

«ታደሰ፣ አወቀኝ እኮ!» አሉኝ፣ ማሽኑን እያሳዩ።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ያ ሳቅ ምን እንደሆነ አስተማሪ መሆን ሳያስፈልግ ይታወቅ ነበር። እኔ ግን «ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ» አልኳቸው። ሽልማቱ ከፍ ብሎ ነበርና ወንበሩ እንዳይለቀቅ ፈለግሁ።

እንዲህ እያልን አንድ ክረምት ከረምን። አንድ ማክሰኞ ከረድፉ ዳር የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ትልቁን ሽልማት ወሰደው። ቁጥሩ ከላይ ወደ መነሻው ወረደ። ያን ጊዜ ሒሳቤ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ አያተርፍም። ኮቴን ለበስኩ። «በቃ፣ አልቋል፤ ከእንግዲህ አንመጣም» አልኳቸው። እትዬ ማሽኑን አዩ፤ እኔን አዩ። «እሺ» አሉ። ባሱ ውስጥ ባዶውን ኩባያ ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ምን ሆኑ ብዬም አልጠየቅሁም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት እግሬ ቀረ። ወራት ካለፉ በኋላ ግርማ ደወለ። ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ ቆይቶ «ለእናቴ የምታደርግላትን ነገር እግዚአብሔር ይክፈልህ፤ ማክሰኞ እስኪደርስ አልጋ ላይ አትረጋም» አለኝ። እኔ እሳቸውን ባሕር ዳር ከወሰድኩ ስንት ጊዜዬ! «እኔ አልወሰድኳቸውም» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። አላልኩም። «እሳቸውም ያጫውቱኛል» አልኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሄጄ ፈለግኳቸው። ከሰፈራቸው አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ጋር፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ አሌክሳንድሪያ ካለ የገበያ ማዕከል ደጃፍ በሚነሳ ባስ እየመጡ ነበር። ያገኘኋቸው እኔ ባሳየኋቸው ረድፍ እንኳ አይደለም። ፍራፍሬ የሚሽከረከርበት፣ አንድም የሚሰላ ነገር የሌለው ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ የማተባቸው ጥቁር ክር ብቻ ነበር። የወርቅ መስቀላቸው የለም።

«እትዬ፣ መስቀሉስ?»

አላፈሩም። የደከማቸው ሰው ይመስሉ ነበር። «ከኋላ ወርቅ የሚገዛ ሱቅ አለ» አሉኝ። «ሐብሉንም፣ የጆሮዬንም። ለልጅ ልጄ ያስቀመጥኩት ነበር። መልሼ ላወጣው ብዬ ነው፤ ያተርፋል ብለኸኝ የለ?»

ሱቁ ሄድኩ። ወርቁ ከተሸጠ ቆይቷል፤ የለም። ስመለስ እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «ለግርማ አትንገረው፤ በእናትህ» አሉኝ። ማልኩላቸው። ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎት፤ እፎይታ ነው። ዝም በል ብለው ሲለምኑኝ ያዳኑኝ መሰለኝ። እሳቸውን የደበቅሁ መስዬ ራሴን ደበቅሁ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ተዉ። የሚሸጡት አልነበራቸውም።

በዚያው ዓመት የሶስና እህት ሠርግ ደረሰ። ሶስና ለሠርጉ ልታደርገው የእትዬን ሐብል ጠየቀች። እትዬ ወርቃቸውን የሚያስቀምጡበት ሻንጣ ተከፈተ፤ ወርቅ የለም። እትዬን ሲጠይቋቸው «እንጃ፣ እዚሁ ነበር» አሉ። ቁልፍ ያለው ማን ነው? ሲደክማቸው አልጋቸውን የምታነጥፈው፣ ክፍላቸው የምትገባው ማን ናት? ሰናይት።

ግርማ ፖሊስ መጥራት አልፈለገም። «የአገር ልጅ ናት፤ በሽማግሌ ይለቅ» አለ። ሽማግሌ አድርጎ የጠራው አቶ ኃይሉ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰውና እኔን ነው። እኔን! ሄድኩም። ሸሚዝ ተኩሼ፣ ክራባት አስሬ ሄድኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀመጥን። ሰናይት ብርጭቆ ውኃ እንኳ ሳይሰጣት መካከል ላይ በወጥ ቤት ወንበር ተቀምጣለች።

አቶ ኃይሉ «ልጄ፣ ልንፈርድብሽ አይደለም የመጣነው» ብለው ጀመሩ። «ግን ከቤቱ ሰው ሌላ ቁልፍ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ አልወሰድኩም» አለች። ወደ እትዬ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል። እባክዎ ይንገሯቸው።»

እትዬ የነጠላቸውን ጥለት እያሹ ነበር። ቀና አሉ። ልጅቱን አላዩም፤ እኔን አዩ። ያ አስተያየት ምን ማለት ነበር? ማልክልኝ እኮ ነው? ወይስ እኔ አቅቶኛልና አንተ ተናገር ነው? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ያኔ ግን አልጠየቅሁም። ሁሉም እኔን መጠበቅ ጀመሩ፤ የተማረው ሽማግሌ እኔ ነኝ።

እኔም እንዲህ አልኩ። ቃሌን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልጻፈው። «ሰናይት፣ ሁላችንም ሰው ነን። ተቸግረሽ ከሆነ ይገባናል። አድርጌዋለሁ በይና እዚሁ ይቅር እንባባል።»

በድምፄ ውስጥ ርኅራኄ ነበረ። ይህ ነው የሚያስጠላኝ። ለስላሳ ድምፅ ነበር። የአንዲት ንጹሕ ልጅ ጉዳይ እስከዚያ ሰዓት ጥርጣሬ ነበር፤ እኔ በዚያ ድምፅ ስርቆት አደረግሁት።

አላለቀሰችም። «ያላደረግሁትን?» ብላ ትንሽ ጠበቀች። ተነሥታ ወደ ቤዝመንት ወረደች። ግርማ እስከ ወሩ መጨረሻ ትቆይ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሻንጣውን ተቀብያት መኪናዬ ላይ ጫንኩና ሀያትስቪል ጓደኛዋ ዘንድ አደረስኳት። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን እያየች ሄደች። ስትወርድ «እግዚአብሔር እውነቱን ያውቃል» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። እኔም አውቅ ነበር እኮ! እግዚአብሔርን ለምን ጠራሁ?

ወሬው ከዚያ ሳሎን ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ልጆቻቸውን ትጠብቅላቸው የነበሩት ቤቶች አንድ በአንድ አስቀሯት። የኮሌጁን ክፍያ አጥታ አቋረጠች ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ስቴት ሄደች አሉ። ስሰማ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ትኬት መቀበሌን ቀጠልኩ። ሰው እንዲህ ሲያደርግ ውስጡ ይቃጠላል ይላሉ። እኔ አልተቃጠልኩም። እውነቱን ነው የምነግርዎት፤ ምንም አልተሰማኝም። እጄ ላይ ተኝቼበት ደንዝዞ እንደምነሳው ነበር፤ የእኔው እጅ ነው፣ ግን የሰው ይመስላል።

እትዬ አስካለ ምግብ እየተዉ ሄዱ። አገሬ መልሱኝ ብለው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ለቅሶ አሌክሳንድሪያ ግርማ ቤት ተቀመጥን። ግርማ ጎኔ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የነገረችኝ ነገር አልገባኝም» አለ። «መጨረሻ ላይ ሰናይትን ይቅርታ ጠይቁልኝ፣ ሰናይትን ይቅርታ ጠይቁልኝ ትል ነበር አለች። ምን ማለቷ ነው?»

ሴትዮዋ ሞተዋል። መሐላው አብሯቸው ተቀብሯል። የሚያስረኝ ነገር አልነበረም። በዚያች ሰዓት እውነቱን ብናገር ሰውም ይረዳኝ ነበር።

«ሕመም ነው» አልኩት። «በሕመም ጊዜ ሰው ብዙ ይላል።»

ግርማ አመነኝ። ሁልጊዜ ያምነኛል።

ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ራሴን እያዞረኝ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሜን ጠርታ ያስገባችኝ ነርስ ሰናይት ናት። ሞላ ብላለች፤ ጸጉሯን አሳጥራለች። ወዲያው ለየችኝ። መሬቱ ቢውጠኝ ብዬ ቆምኩ።

«ጋሽ ታደሰ! ይቀመጡ እንጂ፤ እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

ግፊቴን ለካች። ከፍ ብሏል፣ ጨው ይቀንሱ አለችኝ። የሄደችበት ስቴት ሠርታ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ አሁን አስፐን ሂል እንደምትኖር ነገረችኝ። የግርማን ቤት ስም አላነሳችም። የእጄን ማሰሪያ ስትፈታ ቆም አለች።

«አንድ ነገር ሳልነግርዎት እንዳይሄዱ» አለች። «ያኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሻንጣዬን የያዙልኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። እግዚአብሔር እውነቱን ያውቃል ያሉኝን አልረሳሁትም። እርስዎ እንዳመኑኝ ያኔ ገብቶኛል። በዚያች ቃል ነው የቆየሁት። አመሰግናለሁ።»

በሩ ዝግ ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷ ቆማ፣ እኔ እጅጌዬን እንደሰበሰብኩ ተቀምጬ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። እውነት እልዎታለሁ፣ በቂ ጊዜ ነበረኝ።

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አልኳት።

ምስጋናዋን ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ክሊኒክ ነው የምሄደው።

ብነግራት ያቺን አንዲት ደግ ቃል እነጥቃታለሁ፤ ስለዚህ ዝም ማለቴ ለእሷ ነው ብዬ ለራሴ ያልኩበት ጊዜ አለ። አይደለም። ለእኔ ነው። ሁልጊዜም ለእኔ ነበር።

እርስዎን ይቅር በሉኝ አልልዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች። እሷ ደግሞ በየት በኩል ይቅር ትበለኝ? ዛሬም ስሜ ሲነሳ በደግ የምታነሳኝ እሷ ናት።